ቀሪ

ጉድጓዱን ደፈኑት፣ አፉን በሲሚንቶ፤
የኦስትራቫ ሰማይ ጭሱ ሁሉ ጠፍቶ
ጠራ።
እኛንም ጠሩን ከሥራ አጥ መዝገብ፣
ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብለን ኮድ እንድናነብ።

መምህርቷ ራድካ፣ ልጄን የምታክል፣
ሹራቧ እጆቿን እስከ ጥፍር የሚከልል፣
"የዛሬው ቀላል ነው" አለች፤ "ቁጥር ስጡት፤
አሃዞቹን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጡት።
ለአስር አካፍሉ፣ ቀሪውን ያዙት፤
የያዛችሁትን በአስር አብዝታችሁ ደምሩት፤
ምንም እስካይተርፍ ዙሩት፣ ደግማችሁ ዙሩት።"

ገባኝ።
የእኛም አሳንሰር ሕጉ ይኸው ነበር፦
መጨረሻ የገባ፣ ደረቱ ከበር ተጣብቆ፣
ከሁላችን ቀድሞ ይወጣል፣ ንጹሕ አየር ናፍቆ።

ጣቴ ወፍራም ነው፤ አንድ ፊደል ስጫን ሁለት ይነካል።
ቢሆንም ጻፍኩ። 123 ሰጠሁት፤
321 አለ።
"ሌላ ሞክር፣ ቦሁሚር።"
ሌላ ምን ቁጥር አውቃለሁ?
ሠላሳ ዓመት የወረድኩበትን ጻፍኩ፣
የታችኛውን ወለል፣ በሜትር፦
1200።

21 አለኝ።

ማን ነገረው ለዚህ ሳጥን?
ሃያ አንድ ነበር ዕድሜዬ የመጀመሪያዋ ቀን፤
የራስ ቁሬ ሰፍቶኝ ዓይኔ ላይ ሲወርድ፣
ቬንደሊን ሲስቅብኝ፣
ሉቦሽ ሳይስቅ ጠፍሩን ሲያጠብቅልኝ።

መልሼ ገለበጥኩት።
12።
"1200 የት ሄደ?" አልኩ።
ራድካ ጎንበስ ብላ አየች።
"ዜሮ ከፊት ሲቆም ዋጋ የለውም፤ ይወድቃል።
የወደቀ ደግሞ አይመለስም።"

ሁለት ዜሮ።
ጋዙ የነደደ ሌሊት
ከአፉ ላይ ቆሞ የሚቆጥረን ሰው
እያሳለ፣ እየተጣደፈ፣
"ቀሪ የለም" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።
ሲነጋ የስም ሰሌዳው ላይ
ሁለት ምስማር ባዶ ነበር።

ማሽኑም እንደዚያ ሰውዬ ነው።
1200 ለአስር፤ ቀሪ የለም።
ደግሞ 120 ለአስር፤ ቀሪ የለም።

ቀሪማ አለ።

ራድካ ዝም ብላ ቆየች፤ ምን እንዳየች እንጃ ፊቴ ላይ።
ከዚያ ሹራቧን ሰበሰበችና
"ቁጥር ነው አትበለው" አለች ቀስ ብላ፤
"ጽሑፍ ነው በለው፣ እንደ ስም።
ከስም ላይ ምንም አይጥልም።"

አልኩት።

0021

ሁለቱ ከፊት፣ በሩ ጋ።
እኔ ከኋላ።

"ልምምዱ ግን እንዲህ አይልም፤
ነጥብ ይቀነስብሃል" አለች።

ይቀነስ።