የሊፍቱ ሳንቲም

የእኛ ሕንጻ ሊፍት ሆዳም ነው፣ አይጾምም፤
ሃያ ቴትሪ ሳይጎርስ ንቅንቅ አይልም።
እንዲህ ነው ግልዳኒ፣ በትቢሊሲ ዳር፣
ወደ ቤት መግባትም ሒሳብ አለው፣ በቁጥር።
ዘጠነኛ ፎቅ ነን። እኔ እከፍላለሁ።
(ገና ዐሥራ አንዴ ነው፤ ደረጃ እጠላለሁ።)
እህቴ ኔስታን ግን፣ ከመስከረም ወዲህ፣
ሊፍቱን እንደ ባላጋራ ታልፈዋለች፣ እንዲህ፦
አንገቷን ቀና አርጋ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣
አራተኛው ላይ አርፋ፣ ስድስተኛው ላይ ውላ።
እኔ ቀድሜ ደርሼ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣
"ምን ሆነሽ ነው?" እላታለሁ።
"ስፖርት ነው፣ ወንድሜ።"

ውሸቷን ነው። ማታ፣ መብራት ከጠፋ ወዲያ፣
ከአልጋዋ ሥር ይሰማል የሳንቲም ገበያ፤
ቅጭል… ቅጭል… በኪያር ጠርሙስ ውስጥ ሲወድቅ፣
ያልተሳፈረችበት እያንዳንዱ ፎቅ።

የጋዙ ቢል ጀርባ ሆኗል መዝገቧ፤
እዚያ ላይ በእርሳስ ሰፍሯል ሐሳቧ፦
ፕሮሰሰር — ያገለገለ፣ እግሩ ያልተጣመመ።
ራም — ሁለት፤ ወንድማማች ባይሆኑም።
ማዘርቦርድ — ጎረቤታችን ጎቻ ቢሮው ሲዘጋ ያወጣው።
ኬዝ — የዚያው፤ አንድ ጎኑ ክዳን የለውም።
ፓወር ሰፕላይ — አዲስ። እዚህ ላይ መቆጠብ ቤት ያቃጥላል።
ባለቀለም መብራት —
ሁለት ጊዜ የተሰረዘ።

የሽማግሌ ስልክ አስተካከለች፣
የሰው ውሻ አንሸራሸረች፣ ሕፃን አስጠናች፤
አምስት ላሪም ትሁን፣ ሁለትም፣ ጨመረች፤
እናቴ ላማራ፣ "ይቺ ልጅ ከሳች" አለች።

በግንቦት፣ ቅዳሜ፣ ኤሊያቫ ገበያ፣
ጎማውን፣ የበር እጀታውን፣ ቧንቧውን አልፈን፣
መጨረሻው ረድፍ ላይ ጉራምን አገኘን።
ካርዶቹን እንደ ዓሣ ደርድሯል በተራ።
"እነዚህ" አለች ኔስታን፣ "ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍሩ፣
ሦስት ዓመት ሳይተኙ በመጋዘን የኖሩ።"
አንዱን አነሳች። አሸተተች። ፋኑን በጣቷ ገፋች።
"ደክሟል" ብላ መለሰች።
"እኔስ?" አለ ጉራም፤ "ሠላሳ ዓመት እዚሁ ስሠራ
መቼ ተኛሁና? ይኸው አለሁ፣ ከነሥራዬ ጋራ።"
"እንግዲያው አንተም ብትሸጥ በግማሽ ዋጋ ነው።"
ሳቀ። መቶ ሃምሳው መቶ ላይ ቆመ፤ ጠርሙሱን ዘረገፍነው።

በአምስት በአምስት ከምሮ፣ ላሪ እያደረገ፣
ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ምንጩን ሊያውቅ ፈለገ።
"ከሊፍት ነው" አለችው። ዝም አለ ጥቂት።
ዐሥራ አንደኛ ፎቅ ነው፣ ለካስ፣ የእሱም ቤት።
ከመሳቢያው መዞ ያለቀ የሚመስል የፕሮሰሰር ቅባት፣
"ይሄ ለጉልበትሽ ነው" ብሎ መረቀላት።

ማታ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ አንድ ካቻቪቴ፣
መብራት ያዥ እኔ ነኝ፣ አዛዧ እህቴ።
"ከፍ አርገው። ዝቅ። አትተንፍስ።" አንድ ብሎን ጠፋ፤
ድመቷ ተወነጀለች፣ ተገለበጠ ሶፋ።
ኋላ ከእኔ ካልሲ ወጣ።

ቁልፉን ተጫነች።
ፋኑ ዞረ።
ሞኒተሩ ጨለማ።

ፈታችው፣ ገጠመችው፣ እንደገና ፈታች፤
ራሙን አቀያየረች፣ ጉራምን በልቧ ከሰሰች።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ጉልበቷን አቅፋ፣
አየሁት ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ደረጃ።

እኔ ምንም አላውቅም። እንቅልፍ እያዳፋኝ፣
ከጀርባው የተሰካው አንድ ገመድ ገረመኝ።
"ካርዱ ታች አይደል ወይ? ይሄ ለምን ላይ ገባ?"
አየችኝ። አላወቅሁም፣ ሳቅ ነው ወይስ እንባ።
ነቅላ ታች ሰካችው፤
ወጥ ቤቱ ሰማያዊ ሆነ፣ ከነሳህኑ፣ ከነማንኪያው።

ጌሙ የቆየ ነው፣ በቅናሽ የወረደ፤
ምስሉ አንዳንዴ ቢሰናከልም፣ ሄደ።
ጭጋግ አለ፣ ከተማ አለ፣ ሰማይ የነካ ግንብ፤
ፋኑ ያጉረመርማል፣ ጠርሙስ እንደገባ ንብ።
ከግንቡ ሥር ሊፍት፣ በሩ ወለል ብሎ፣
ውስጡ መብራት በርቶ፣ "ግቡ" የሚል መስሎ።
"ነጻ ነው!" አልኳት፣ "ግቢ!"
የኔስታን ሰውዬ በሩ ላይ ተጠራጠረ፤
ቦርሳውን እንዳዘለ ደረጃውን ጀመረ።