ወፌ ላላ በዕብራይስጥ

አፉላ፤ ሦስተኛ ፎቅ፤ የሕክምና ቦርድ፤
በታኅሣሥ ዝናብ መስኮቱ ሲርድ፤
እኔ፣ በሰዓት ሂሳብ የምከፈል አፍ፣
ከአንዱ ጥርስ ወደ አንዱ ጆሮ ቃል የማሳልፍ፣
ከአቶ ቢያድግልኝ አጠገብ ተቀመጥኩ፤
ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ፊቴን መለስኩ።

ሐኪሙ ውስጥ እግራቸውን በመርፌ ጫፍ ነካ።
«ይሰማዎታል?»
ዝም።
የግድግዳው ሰዓት ብቻ ሲንኳኳ።
«ይኼስ?»
«እሱም አይሰማም።»
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቅም፣
ጣሪያውን አዩና መለሱ በዝግታ፦
«ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ፣ ማታ፤
ጎንደር፣ እስር ቤቱ፣ ከጓሮው ክፍል፣
ወፌ ላላ ሰቅለው ገረፉኝ፤ ይኸው ነው የኔ ቃል።»

ወፌ ላላ።
አፌ ቆመ።
ወፍን አውቃታለሁ፤ ጺፖር ትባላለች፤
እዚህም በየዛፉ ስትዘል ትውላለች፤
ግን እጅ ከጉልበት ጋር ተጠፍሮ ታስሮ፣
በመኻሉ አጣና ከወዲያ ወዲህ ተሻግሮ፣
ራስ ቁልቁል ሆኖ፣ ውስጥ እግር ሽቅብ፣
አፍ የገዛ ካልሲውን ጎርሶ እስኪጠግብ፦
እንዲህ ያለች ወፍ በዚህ ሰማይ የለችም፤
መዝገበ ቃላቱም ጎጆ አልሰጣትም።
የኔም አማርኛ የጓዳ ነው፣ ከእናቴ የለመድኩት፣
ሰላምታና ለቅሶ እንጂ ምርመራ ያልሰማሁበት።
«እንደ ወፍ…» አልኩና ቀሪው ጠፋኝ።
«ከዛፍ ወደቁ?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀኝ።

ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥን፦ መውደቅ፣ መኪና፣ ሥራ።
አቶ ቢያድግልኝ፦ «ምንድን ነው የሚያወራ?»
ነገርኳቸው።
«‹ሥራ› በዪው፤ ማስተማር ነበር የኔ ሥራ።
ወገራ፣ በረት ጥግ፣ አሥራ አንድ ልጅ ሰብስቤ፣
በከሰል፣ በሣንቃ፣ ሆሄ ደርድሬ፣ አንብቤ።
ድሮ በቡዳነት ነበር የሚፈሩን፤
ኋላ ደግሞ መጥተው ‹የጽዮን ሰላይ› አሉን፤
ስሙ ተለወጠ እንጂ ጣት ያው ጣት ነበር፤
ቀድሞ የሰው ሹክሹክታ፣ ኋላ የመንግሥት ደብተር።
ጓድ ሊቀ መንበሩ፦ ‹ጸልይ፣ ማን ከለከለህ?
ይህ ቋንቋ ነው እንጂ የሚያስጠይቅህ።›
‹ይህን ፊደል ጥራው!› አለኝ መርማሪው።
‹አሌፍ።›
ዱላ።
‹ከእሱስ ቀጥሎ ያለው?›
‹ቤት።›
‹የማን ቤት? የት ነው? ማን ያድርበታል?
ስንት ሰው በሌሊት ሱዳን ይሻገርበታል?›
‹ኧረ የሆሄ ስም ነው!› ብል ማን ሊሰማኝ፤
ሌሊቱን መንደሩን አተራመሱብኝ፤
ስምንት ጎጆ ፈርሶ፣ ጸሎት ቤቱም ነዶ፣
ቄስ እምሻው ታስሮ፣ ጥምጥሙ ተዋርዶ፤
እኔ ‹ቤት› ባልኩ ቁጥር ቤት ነበር የሚመታ።»

(ግጥም ላይ ቤት ሲመታ ለጆሮ ደስታ፤
እሱን ለሐኪሙ ማስረዳት ተውኩና)
«ቤት» ብዬ ጀመርኩ። እጁ ቆመና፣
ቤት እዚህም ቤት ነው፣ ትርጉም አልጠየቀ፣
ዐይኑ ከስክሪኑ ያን ጊዜ ለቀቀ።

ግን መልሶ ጻፈ።
«ሰነድ አላቸው ወይ?»
«መጽሐፉን ቀበርኩት፣ በጋን፣ ከግራር ሥር፤
እግሬ ነው ሰነዱ፤ ይዤው መጣሁ በእግር።»

አሥራ አራት ከመቶ።
ማኅተም።
ቀጣዩ ቁጥር ተጠርቶ፣
ትከሻዬን ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ፣
ከመኻል ቆሙና ሊያርሙኝ ወደዱ፦
«ያርዴና፣ ቅድም ላይ ስትዪ ‹ጺፖር›፣
ላልታብሽ ነበረ እንደ ዋዛ ነገር።
ፔዋ ትጠብቃለች፤ ነጥብ አለ ሆዷ ውስጥ፤
ወፍ አትላላም፣ ልጄ፣ በዕብራይስጥ።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ፣ ከዝናቡ ሥር፣
ከንፈሬን ገጥሜ አልኩት፦ ጺፕ–ፖር።
«እንደገና።»
ጺፕ–ፖር።
«እንደገና» አሉኝ፤
እግራቸው ኩሬ ውስጥ ነበር፤
አልተሰማቸውም።