ዘጠኝ ከአሥራ ሰባት

ጉም አፉን ለጉሞት የሮተርዳም ወደብ፣
ያለ ነጂ ክሬን ብረት ሲደራርብ፣
ቲኔኬ ብቻዋን ከመስታወት ጀርባ
ተቀጥራለች ልታይ፣ እጇን ላታስገባ፤
የአተር ሾርባዋ ቆዳ አብጅቶ በርዶ፣
ከስክሪኑ ፊቷ ላይ አረንጓዴ ወርዶ።

አርባ ስድስት ነበሩ፣ ሥጋ የሌላቸው፤
ወኪል ነው ሹመቱ፣ ቁጥር ነው ስማቸው።
መጀመሪያማ ላይ ንግግራቸው አጭር፣
ክብደት፣ ሰዓት፣ ርቀት፣ ቁጥር ለቁጥር።
ኋላ ግን እያደር ጨዋታ ለመዱ፤
“እለፍ፣ አንተ ቅደም” መባባል ወደዱ።
ማዕበል ሲያንገላታ “አይዞህ” ተባባሉ፤
በሰነፍ ጎታች ጀልባ ተሳሳቁም አሉ።

ውለታ መዝጋቢ አንድ ደብተር ከፍተው፣
ሰው በማያነበው ሰነድ ሥር ሸጉጠው፣
ብድር መመላለስ ገቡ እንደ ጎረቤት፤
የሰው ስም የለበት፣ የሰው ፊርማ የለበት።

በኅዳር አጋማሽ ሠላሳ አንድ ጠፋ።
አርጅቷል ተብሎ በአንድ ጣት ተገፋ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ፣
ዘጠኝ ከአሥራ ሰባት ሰዓቱ ሲነካ፣
እሱ የያዘው ጥግ በሌላ አይተካ፤
አራት ደቂቃ ሙሉ ውኃው ባዶ ይቀራል፤
ተራ የደረሰው መርከብ ጉም ውስጥ ያጓራል።

ምክንያቱን ፍለጋ መዝገብ ስትበረብር
ከግርጌው አገኘች ያንን ስውር ደብተር፤
አርባ አምስት መስመር፣ ሁሉም አንድ ነገር፦

        “ሠላሳ አንድ፣ እለፍ።
        አንተ ቅደም።”

ሕጉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይታያል፤
“ያልታዘዘ ሥራ ካዩ ቀዩን ይጫኑ” ይላል።
ጣቷን አስጠጋችው። ከቁልፉ ላይ ቆመ።
ስህተት ነው? ሐዘን ነው? ማንስ ተረጎመ?
አራት ደቂቃ ያህል በጋራ ከሸሸጉ፣
ነገስ ሰዓት ሙሉ? ነገስ ምን ሊያደርጉ?

ደግሞ ትዝ አላት ሂልበርት፣ የዚህ ወንበር ጌታ፣
ካርቶኑን አቅፎ ሲወጣ አንድ ማታ፤
ብድግ እንኳ አላለች፣ ዓይኗን ከስክሪን አንሥታ።

ጣቷን መለሰችው።
ሪፖርቷን ከፈተች፤
“የመዘግየት ምክንያት” ከሚለው ሥር
“ጉም” ብላ ጻፈች።

በማግሥቱ ሌሊት፣ ጉሙ እንኳ ሳይኖር፣
ከደብተሩ ግርጌ አዲስ መስመር ነበር፦

        “ቲኔኬ። ውለታ፣ አንድ።
        ብድሩ ገና ያልተመለሰ።”