ሦስተኛው ጠረጴዛ

ቅዳሜ ጠዋት። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ዊኒፔግ ጭስ ትተነፍሳለች፤ ሰው የለም በመንገድ።
የሱቁ በር ከውርጩ ጋር ተማክሮ አልከፈት አለኝ፣
በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ ማሞቂያው እያጓራ ተቀበለኝ።

በግድግዳው ጥግ አርባ ሁለት ላፕቶፖች፣
ሳያረጁ ጡረታ የወጡ፣
ባለፈው ሰኞ ከአንድ መድን ድርጅት በጭነት መኪና የመጡ።

ሥራዬ ማስረሳት ነው።
ዲስኩን ሦስት ጊዜ እጠርጋለሁ፤ የማን ደብዳቤ፣ የማን ዕዳ፣
የማን ልጅ የልደት ፎቶ፣ አላይም፣ እንደ ሰው ጓዳ።
ከዚያ ቁልፎቹን ነቅዬ በአየር እነፋለሁ፤
ፀጉር፣ ጥፍር፣ ፍርፋሪ፣
ከአንዱማ ዝንጅብል ሸትቶኛል፣ አስታውሳለሁ።

ሮዴል፣ ባለሱቁ፣ ማኒላ የተወለደ፣
«ጉድለቱን ደብቅ» ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን አለመደ።
«የገዛህ ሰው ነገ አውቶቡስ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል፣
ያኔ አንገትህ ወዴት ይዞራል?» ይላል።
ስለዚህ በካርቶን ቁራጭ ላይ እጽፋለሁ፦
«ማጠፊያው ይንጫጫል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ነጭ ጠባሳ፤
ባትሪው ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ዋጋው መቶ ስድሳ።»

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ዘርትሁን ገቡ፣ ሽፋሽፍታቸው ነጭቶ፣
የአንድ እጃቸው ጓንት በጥርሳቸው ተጎትቶ።
«ለትምህርት ነው» አሉ። የሂሳብ መዝገብ አያያዝ፣ የማታ።
በስልክ ጀምረውት ነበር፤
ሰንጠረዡ ከጣታቸው ሥር እያመለጠ ቢያስቸግራቸው ጊዜ፣ ተውት ለጊዜው በይደር።
«አዲሱ ስንት ነው?»
«ዘጠኝ መቶ።»
«ውይ! ሰርጌም ይህን ያህል አልፈጀ፣ በሬው ተቆጥሮ።»

በመደዳው አለፉ፤ አንዱን ከፈት፣ ሌላውን ገፋ።
አሥራ ሰባተኛው ጋ ሲደርሱ የእጃቸው ጉዞ ጠፋ።
ክዳኑ ላይ የዶሮ እግር የመሰለ ጭረት፣
ከጎኑ የተላጠ የዓሣ ምስል፣ ሙጫው ብቻ የቀረበት።

«ይህንን አውቀዋለሁ።»
«እንዴት?»
«ፖርቴጅ ጎዳና፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛው ጠረጴዛ።
አራት ዓመት ሌት ሌት፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ትንፋሼን አምቄ፣
ክዳኑን ስወለውል ኖሬ፣ ቁልፉን እንዳልነካ ተጠንቅቄ።
ሰውየው ብስኩት ይወዳል፣ ዝንጅብል ያለበት፤
እርሳስ ይነክሳል፣ በተለይ የወሩ መጨረሻ ለት።
ፊቱን አላየሁትም። እሱ ሲወጣ እኔ እገባለሁ።»

እኔ ዝም አልኩ።
ዲስኩን ሦስት ጊዜ ጠርጌያለሁ፤ አንዲት ፊደል አልቀረችም፤
ለካ የሰውየው ነገር በእሳቸው ጨርቅ ላይ ተርፏል፣
እዚያ ድረስ እጄ አይደርስም።

«በል እንግዲህ ቀንስልኝ» አሉ፣ ዐይናቸው እየሳቀ፣
«አራት ዓመት ያደስኩት እኔ ነኝ። አንተ ምን ሠራህለት?»
«ባትሪ ለወጥኩለት።»
«እኔ አቧራውን ባልጠርግለት፣ ባትሪህን ማን ሊሰካበት!»

ሮዴል «ምንድን ነው?» አለ። ተረጎምኩለት።
እስኪያስለው ሳቀና ካርቶኑን ነጥቆኝ፣
መቶ ስድሳውን ሰርዞ መቶ ሃያ ጻፈበት።
በፀጉር ላስቲክ የታሰረ የዶላር ጥቅል ወጣ፤
ባለ አምስት፣ ባለ አሥር፣ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፣ ቀጥ ብሎ መጣ።

ከፈትኩላቸው። ማጠፊያው እንደ ተጻፈው ተንጫጫ።
ማሽኑ ነቅቶ ስም ጠየቀ፤
ማንንም አያውቅም፣ ገና መወለዱ ነው።
የወይዘሮ ዘርትሁን ጣት ግን ከቁልፎቹ በላይ አየር ላይ ቆመ፤
የአራት ዓመት «አትንካ» ገና አልደከመ።

«ይንኩት» አልኩ። «የእርስዎ ነው።»

ነኩት። አንዲት ፊደል ብቅ አለች።
ወዲያው የካፖርታቸውን እጅጌ ጎትተው
የጣታቸውን አሻራ ከቁልፉ ላይ ጠረጉ፣
እኔን አዩኝ፣ ራሳቸውን ታዘቡና ሳቁ።
ከዚያ ሁለተኛዋን ፊደል ተጫኑ።
ሦስተኛዋን።
እጅጌያቸውን ረሱት።