ስስ ቀለበት

ከኖርዌይ ፊዮርድ አፋፍ፣ ዝፍት የጠጣች ደብር፣
ጣሪያዋ የዓሣ ቅርፊት፣ ግድግዳዋ ጥቁር፤
ቁልፏ እኔ ዘንድ ነው፣ አባቴም ይዞታል፤
ኪስ የሚቀድ ብረት፣ ሲሄዱ ጭን ይመታል።

አርባ ዓመት ለልጆች፣ አንድ ታሪክ ነገርኩ፤
ካባቴ የሰማሁትን፣ ሳልቀንስ አሻገርኩ፦
«ወንጌል ይዞ በጀልባ፣ ቀድሞ የመጣው መነኩሴ፣
ከዚህ ጥድ ጥላ ሥር ነው፣ ያያቶቻችሁን ራስ
በውኃ የነካ» ስል፣
ልጆቹ ምሰሶውን ዳሰስ ዳሰስ።

ቶሩን በመጋቢት መጣች፣ በረዶው ሳይለቅ ገና።
«እኔ አላምንም» አለችኝ፣ ደጃፉ ላይ ቆመችና፤
ግን ማንም ሳይነግራት፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች።
ቀጭን መሰርሰሪያ፣ ከሻንጣዋ አወጣች፤
በምሰሶው ጎን ላይ፣ ስታዞር ጥርሴን ተሰማኝ፤
ሚስቴን ሐኪም ሲወጋት፣ ያኔም እንዲህ አመመኝ።

የወጣው እርሳስ የሚያህል፣ ዘንግ ነው፣ ሽታው ያልሞተ።
በጠረጴዛዬ ላይ፣ በአጉሊ መነጽር፣
ሁለት ቀን ስትቆጥር፣
ከሌሎች ግንዶች መዝገብ ጋር፣ ስታመሳክር፣
በሦስተኛው ቀን፦ «አይቪንድ፣ ተቀመጥ።
መነኩሴው ሲመጣ፣ ይህ ዛፍ ገና አልበቀለም።»

አልተቆጣሁም።
እጄ ብቻ ሳላዘው፣ ቁልፉን ጨበጠ።
«ሌላስ? ቆጥረሽ ቆጥረሽ፣ ያገኘሽው ይኸው ነው?»

አጉሊውን ሰጠችኝ። «ጫፉ ላይ እይ፣ ልጡ ጋ።»
ፀጉር የምታህል መስመር፤
ከሷ በፊት ሁለት፣ እንደሷው የሰሱ ነበር።
«ሦስት ዓመት በጋው አልመጣም።
ገብሱም አልያዘ ይሆናል፤ እሱን እንጨት አይናገርም።
የተቆረጠው በሦስተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት ነው።»

በሦስት ዓመት ረሃብ፣ ክንድ በሰለለበት፣
ማነው መጥረቢያ አንሥቶ፣ ዳገት የወጣበት?
ጎተራ ሊሠራ አይደል፣ የሚከተት የለ፤
እህሉን ለነሣው ጌታ፣ ሦስት ዓመት ዝም ላለ፣
ምሰሶ ሊያቆምለት፣ ቤት ሊሠራለት ኖሯል።

«ታዲያ ይህ ስለ ክርስቶስ፣ ማስረጃ ነው?» አልኳት።
ሳቀች። «አይደለም። ይህ፣ በጋ ስለ ቀረበት
ስለ አንድ ጥድ ብቻ ነው። የቀረውን አልቆጠርኩም።»
ስለዚህ ወደድኳት፤ ካየችው አንዲት ጋት አላለፈችም።

በእማኝና በአማኝ መሐል፣ ያለችው አንዲት ፊደል፤
እሷን አርባ ዓመት ሙሉ፣ አላየኋትም መሰል።

ቀዳዳውን ልትደፍን፣ ውታፍ ስታወጣ፣ «ተዪው» አልኳት።

እሑድ ልጆች መጡ። መነኩሴውን ነገርኳቸው፣
«ይባላል» ብዬ ጨመርኩ፤
ትንሽ ቃል ናት፣ ምላሴን ግን እንደ አጥንት ያዘችኝ።
ከዚያ ስለ ሦስቱ በጋ፣ ስለ መጥረቢያው።
ሲግኒ፣ የሁሉም ታናሽ፣
በምሰሶው ጎን ባለው ቀዳዳ
ጣቷን ሰደደች።
ቆየች።
«ይቀዘቅዛል» አለች።