እስኪሰክን

ጀልባዋን ያገኘናት ሜሪክቪል ላይ ነው፤
የቸኮለ እግረኛ ጥሎን ነው የሚያልፈው።
ይርገዱ፣ ባለቤቴ፣ መሪውን ጨበጠች፣
«ገመዱ ያንተ ነው» ብላ ሥራ መደበች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክኒን ስትቆጥር ኖራለች፤
ጡረታ ወጥታ እንኳ መቁጠሩን አልተወች፤
ድልድዩን፣ ዳክዬውን፣ የቦዩን በር ሁሉ፣
እኔ የጠጣሁትንም፣ ሳይጎድል፣ በሙሉ።

ሪዶ የሚሉት ቦይ ቸኩሎ አያውቅም፤
በሩ የሚከፈተው በእጅ ነው፣ ሞተር የለውም።
ኤሎዲ የምትባል የኦታዋ ተማሪ፣
ለሐምሌና ነሐሴ የቦይ በር ዘዋሪ፣
ሰንሰለቱን ስትጠመዝዝ ውሃው ቀስ እያለ
ጀልባችንን ተሸክሞ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።
«ከዚህ በር ማዶስ ምን አለ?» አልኳት፤
«ሌላ በር» አለችኝ። ከዚያ ሳቅ ያዛት፤
በጣቷ በስተግራ፣ ከሜፕሉ ዛፍ በታች፣
ጭስ የለበሰች ጎጆ መሳይ ቤት ጠቆመች።

የሞራግ መጠጥ ቤት በሩ ዝቅ ያለ ነው፤
ቁመተ ረጅም ሁሉ ሰግዶ ነው የሚገባው።
ቴሌቪዥን የለም፤ ሙዚቃም አይጮኽም፤
ጥግ የተኛው ውሻ ለመጣ ቀና አይልም።
ግድግዳው ላይ ያለው የደረቀ ዓሣ
አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ ሊናገር ሲል የረሳ።

ቢራው ምድር ቤት ነው፣ በርሜል ውስጥ ያደረ፣
በጋዝ ያልተገፋ፣ በበረዶ ያልታሰረ።
ሞራግ እጀታውን ሦስት ጊዜ ስትስበው
እየተነፈሰ ብርጭቆውን ሞላው።
ቀለሙ አሮጌ ቫዮሊን፣ ሽታው የተቆላ ገብስ፣
ምሬቱ ቆይቶ ነው፣ ካለፈ ሲመለስ።
ይርገዱ ቀመሰች። ዝም አለች። ደገመች።
«ይሄ ጌሾ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።
«ሆፕ ነው» አለች ሞራግ። «ያው ዘመዱ ነው» አልሁ፣
«በሥጋ ባይሆንም በጋብቻ» አልሁ።

ሁለተኛው ብርጭቆ ግማሹ ላይ ሲደርስ
ፓምፑ አስነጠሰ፣ ጉንፋን እንደያዘው ፈረስ።
አለቀ።
              «ሌላ አለ፣ ትናንት የወረደ፤
አተላው አልሰከነም፣ እርሾው እንደተናደደ።»
«እስከ መቼ ታዲያ?» «ሐሙስ፤ ምናልባትም አርብ።
የደፈረሰ ቢራ ከዚህ ቤት አይቀርብ።»

ሰኞ ነበር እንግዲህ። ማክሰኞ ስሚዝስ ፎልስ፣
ረቡዕ ዌስትፖርት፣ ቅዳሜ መመለስ፦
በይርገዱ እጅ ጽሑፍ፣ በእስክሪብቶ የሰፈረ፣
ከሰኔ ወዲህ አንዴም ያልተቀየረ።

ሌሊት ዝናብ መጣ። ገመዱ ሲያቃስት አደረ።
ማለዳ ሞተሩን ላስነሣ ስጎነበስ
«ተወው» አለች እሷ፣ ሹራቧን ስትለብስ።
«ስሚዝስ ፎልስስ?» አልኋት። «የትም አይሄድም፤
ከተማ ይቆያል፣ ቢራ ግን አይቆይም።»

ሦስት ቀን በአንድ በር፣ በአንድ ገመድ ታስረን።
እኔ ሰንሰለት መጠምዘዝ ከኤሎዲ ተማርኩ፤ ወገቤን አመመኝ።
ይርገዱ ሳቢሳዎቹን ቆጠረች፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋባት፣
ከዚያ ጭራሽ ተወችው።
ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ ስንጨቃጨቅ ነበር፣ በረዶው እስኪያልቅ፤
አሁን ውሃ ዳር ሆነን፣ እግራችን ቦይ ውስጥ፣
ያ ወሬ ተነሣ፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ሳይናጥ።
ምን እንደተባባልን እዚህ አልጽፈውም፤
የወሰንነውም አንድ ነገር የለም።

አርብ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሞራግ ከበሩ ላይ
ጠራችን፦ «ጠራ!»
ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችን፤
በቢራው ውስጥ አልፎ ቦዩ ታየን፣
የኤሎዲ ቀይ ኮፍያ፣ ጀልባችንም፣ ተንጋዳ።
«አየሽ» አልኋት ይርገዱን፣ ጠጋ ብዬ፣
«ሰው በቢራ ይሰክራል፤ ቢራው ራሱ ግን ይሰክናል።»
«ቅኔህን ተውና» አለች፣ «ለኔም አንድ ጨምር።»

ቅዳሜ ማን ይነሣል?
እሑድ ማታ ነው ጀልባዋን የመለስነው።
ሰውየው ቅጣት ጻፈ፣ መቶ አርባ ዶላር፤
ከቅጹ ግርጌ «የዘገዩበት ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ ነበር።
እስክሪብቶዋ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷልና
ከጠረጴዛው ላይ የሰውየውን እርሳስ አነሣችና
በአማርኛ ጻፈች፦ «አልሰከነም ነበር።»
እሱም ትንሽ አየው፤
ማኅተሙን መታና ከሌሎቹ ጋር አኖረው።