አሳጥሮ የለካው ሳንቃ

ባንዳበርግ፣ መስከረም፤ የሸንኮራ አመድ
ከበረንዳዋ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲወርድ፣
ሜርል ቀና ብላ ሚስማሩን ገመተች፤
«ዝጓል፤ ይህን ሳምንት አይወጣውም» አለች።

አልቪን የሰቀለው ያጋዘን ቀንድ ፈርን፣
ያኔ መዳፍ ያክል፣ ዛሬ በር የሚከድን፤
ሞሊ ካጥር ማዶ መሰላል ተሸክሞ
መጥቶ አወረደው፣
እንደ ጠጣ ወንድም ጫንቃው ላይ አጋድሞ።

ቢላዋ ሲገባ ከጋሻው ቅጠል ሥር
ጣውላው የለም፤ በልቶት፣ አድርጎት ክር በክር።
ካንዲት ስባሪ ላይ የእርሳስ ቁጥር ቀርቷል፤
«ሁሌም አሳጥሮ ነው የሚለካው!» ሳቋ አምልጧታል።
ሞሊ በጉጠቱ ይዞ «ላውጣት?» አለ፤
«ተዋት» አለች ሜርል፣ «ሥሩ ይዟት የለ።»

ባዲሱ ሳንቃ ላይ የዛፍ ሽበት ደልድላ፣
በድሮ ስቶኪንጓ ጥብቅ አርጋ ጠቅልላ፤
ለዳንስ ገዝታው እንጂ ላጋዘን አልነበር፣
ሞሊ ቋጨው ስቆ፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር።

በሰንሰለት ሰቀሉት፣ ሚስማር ስላላመነች።
ከጋሻው ጀርባ ላይ የሙዝ ልጣጭ ወተፈች፤
አልቪን ቁርሱን ሲበላ እንዲህ ነበር ልማዱ።
ቀንዱን ባውራ ጣቷ አጽድታ ካመዱ፣
ከመሰላል ሳትወርድ
ሌላ አርፏል።